ክብደት ለመቀነስ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሰዎች በወረርሽኙ ወቅት ሊያደርጉት የሚገባ ጥንቃቄ

የትምህርቱ ዓላማ

ይህ ትምህርት ከመጠን ያለፈ ውፍረትን ለማከም የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው በማገገም ላይ ለሚገኙ ወገኖች፣ ለቤተሰቦቻቸውና ለአስታማሚዎቻቸው የተዘጋጀ ነው። በተለይ ቀዶ ሕክምናው ከተደረገበት ሆስፒታል ርቀው የሚኖሩ ሰዎች በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወቅት የትኛውን ክትትል ለጊዜው ማዘግየት እንደሚቻል፣ የትኛው ደግሞ ለአንድ ቀንም ቢሆን ሊዘገይ እንደማይገባ ለይተው እንዲያውቁ ይረዳል። ለምሳሌነት የተወሰደው አካባቢ በጋሞ ዞን፣ በአርባ ምንጭ ከተማ የሚገኘው ሲቀላ ነው።

ቀዶ ሕክምናው በሰውነት ላይ የሚያመጣው ለውጥ

በብዛት የሚደረጉት የቀዶ ሕክምና ዓይነቶች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ስሊቭ የሚባለው ሲሆን፣ ከጨጓራው አምስት እጅ አራቱ ያህል ተቆርጦ ይወጣና ቀሪው ጠባብ ቱቦ መሰል ቅርጽ ይይዛል። ሁለተኛው ባይፓስ ይባላል፤ በዚህኛው ከአንድ የቡና ስኒ ያነሰ መጠን ያለው ትንሽ ከረጢት ከጨጓራው ላይኛው ክፍል ይለይና ከትንሹ አንጀት ጋር በቀጥታ ይያያዛል። ምግቡ አብዛኛውን ጨጓራና የትንሹን አንጀት የመጀመሪያ ክፍል ስለሚዘል፣ የሚበላው መጠን ብቻ ሳይሆን ሰውነት ከምግቡ የሚያገኘው ንጥረ ነገርም ይቀንሳል። ባይፓስ በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ በዶክተር ኤድዋርድ ሜሰን አማካይነት በ1966 እ.ኤ.አ. ከተጀመረ ወዲህ አሠራሩ እጅግ ተሻሽሏል።

ቀዶ ሕክምናው በጥቂት ሰዓታት ይጠናቀቃል፤ ማገገሙ ግን ሳምንታትን፣ ጥንቃቄው ደግሞ ዕድሜ ልክን የሚጠይቅ ነው። ሆስፒታሉ ሥራውን ሲጨርስ የታካሚውና የቤተሰቡ ሥራ ይጀምራል።

ርቀትና ወረርሽኝ በአንድነት ሲመጡ

በሀገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገኘ በኋላ ብዙ ሰዎች በሽታውን በመፍራት ወደ ጤና ተቋማት መሄድ አቁመው ነበር። በሲቀላ የሚኖርና ቀዶ ሕክምናውን በአዲስ አበባ ወይም በውጭ ሀገር ያደረገ ሰው ደግሞ ሁለት ችግር ይገጥመዋል። አዲስ አበባ ከአርባ ምንጭ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ የሕዝብ ማመላለሻ ጉዞውም በራሱ ለበሽታው ያጋልጣል። ስለዚህ ክትትሉን በሦስት ከፍሎ ማየት ይጠቅማል።

• በስልክ ሊፈጸም የሚችል፦ የምግብ ምክር፣ የክብደት ሪፖርት፣ የመድኃኒት መጠን ጥያቄ። ታካሚው ቀዶ ሕክምናውን ያደረገለትን ሐኪም ወይም ሆስፒታል ስልክ ቁጥር ሊይዝ ይገባል።
• በአቅራቢያ ሊፈጸም የሚችል፦ የቁስል እንክብካቤ፣ የደም ግፊት፣ የስኳርና የደም ማነስ ምርመራ። በ3ኛው፣ በ6ኛውና በ12ኛው ወር፣ ከዚያም በየዓመቱ የሚደረገው የደም ምርመራ በተቻለ መጠን በአቅራቢያ ባለ ሆስፒታል ሊሠራና ውጤቱ ለሐኪሙ ሊላክ ይችላል።
• ፈጽሞ ሊዘገይ የማይገባ፦ ከዚህ በታች የተዘረዘሩት የአደጋ ምልክቶች። በዚህ ጊዜ ታካሚው ቀጠሮ ሳይጠብቅ ወደ አርባ ምንጭ አጠቃላይ ሆስፒታል ወይም በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ተቋም ወዲያውኑ ሊሄድ ይገባል።

ከሆስፒታል ሲወጡ የሚሰጠው የሕክምና ማጠቃለያ ወረቀት ዘወትር በእጅ ሊኖር ይገባል። የቀዶ ሕክምናው ዓይነትና ቀን ያልተጻፈበት ከሆነ አስጽፎ መያዝ ያስፈልጋል። በድንገት ለሚመጣ ሕመም የሚያክመው ባለሙያ ስለ ቀዶ ሕክምናው የሚያውቀው ከዚህ ወረቀት ነውና።

አመጋገብና ፈሳሽ

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ፈሳሽ ምግብ ብቻ ይወሰዳል፤ ስኳር ያልገባበት ቀጭን አጥሚት፣ ወተት፣ የተጣራ የምስር ወይም የሥጋ ሾርባ ተስማሚ ናቸው። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት እንደ እርጎ፣ በደንብ የላመ ምስርና ቀጠን ያለ ሽሮ ያሉ የተፈጩ ምግቦች ይጨመራሉ። ከዚያ በኋላ ለስላሳ ምግብ ይከተላል፤ ወደ መደበኛ ምግብ የሚመለሱት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ሐኪሙ የሰጠው የተለየ መመሪያ ካለ እርሱ ይቀድማል።

በየቀኑ ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ማግኘት ያስፈልጋል። ይህ ካልተሟላ ከስብ ጋር ጡንቻም ይቀንሳል፤ ቁስልም ቶሎ አይድንም። የአርባ ምንጭ ነዋሪ በዚህ ረገድ የታደለ ነው። ከጫሞና ከዓባያ ሐይቆች የሚገኘው ዓሣ አጥንቱ በጥንቃቄ ወጥቶ ተቀቅሎ ከቀረበ ለስላሳና በፕሮቲን የበለጸገ ነው፤ 100 ግራም የበሰለ ዓሣ 20 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣል። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ያህል ይይዛል። በሌላ በኩል ከእንሰት የሚዘጋጁት ቆጮና ቡላ ኃይል ቢሰጡም ፕሮቲናቸው አነስተኛ ስለሆነ ትንሿን ጨጓራ በእነርሱ መሙላት ተገቢ አይደለም። በገበታ ላይ በመጀመሪያ ፕሮቲኑ፣ ቀጥሎ አትክልቱ፣ በመጨረሻ እንጀራው ወይም ቆጮው ሊበላ ይገባል።

የአካባቢው ሙዝና ማንጎ መልካም ፍራፍሬዎች ቢሆኑም በጭማቂ መልክ ሲጠጡ ስኳራቸው በፍጥነት ወደ አንጀት ይወርዳል። በተለይ ባይፓስ የተደረገለት ሰው የማንጎ ጭማቂ፣ ማር ወይም ለስላሳ መጠጥ ሲጠጣ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ማዞርና ተቅማጥ ሊያጋጥመው ይችላል። ሽፈራው፣ በአካባቢው አጠራር ሀለኮ፣ ጠቃሚ ቅጠል ነው፤ ሆኖም ሐኪም ያዘዘውን ቫይታሚን ሊተካ አይችልም።

ሲቀላ ሞቃታማ በመሆኑ የሰውነት ፈሳሽ ማጣት ዋነኛ ስጋት ነው። በቀን ከ1.5 እስከ 2 ሊትር ፈሳሽ ያስፈልጋል፤ ይሁን እንጂ በአንድ ጊዜ መጠጣት ስለማይቻል ቀኑን ሙሉ በትንንሹ ፉት ማለት ይገባል። ከምግብ ጋር ውኃ አይጠጣም፤ ከምግብ በኋላ ግማሽ ሰዓት መቆየት ያስፈልጋል። ቦርዴ፣ ጠላና አረቄን ጨምሮ የአልኮል መጠጥ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቶሎና በብርቱ ስለሚያሰክር መራቅ ይመከራል።

ጾምን በተመለከተ፣ በማገገም ላይ ያለ ሰው ለረጅም ሰዓት ያለ ውኃ መቆየት ለጉዳት ይዳርገዋል። በየትኛውም እምነት ያለ ታካሚ ሐኪሙንና የሃይማኖት አባቱን አስቀድሞ ሊያማክር ይገባል። የፍስክ ምግብ በማይበላበት ጊዜ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና አኩሪ አተር የፕሮቲን ምንጭ ይሆናሉ።

ቫይታሚን ማቋረጥና ማስታወክ

ብዙ ንጥረ ነገሮችን የያዘ ቫይታሚን፣ ብረት፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ እና ቫይታሚን ቢ-12 በሐኪም ትእዛዝ ዕድሜ ልክ የሚወሰዱ ናቸው። ብረትና ካልሲየም አንዱ የሌላውን ሥራ ስለሚያውክ ቢያንስ በሁለት ሰዓት ልዩነት መወሰድ አለባቸው፤ ብረትን ከቡናና ከሻይ ጋር መውሰድም አይገባም። መንገድ ሊዘጋ ወይም መድኃኒት ከገበያ ሊጠፋ ስለሚችል ቢያንስ የሁለት ወር መጠን በቤት መያዝ ብልህነት ነው።

ልዩ ትኩረት የሚሻው ቫይታሚን ቢ-1 ወይም ታያሚን ነው። ሰውነት የሚያጠራቅመው ታያሚን ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚበቃ ስለሆነ፣ ያለማቋረጥ የሚያስታውክ ታካሚ በአጭር ጊዜ ውስጥ እጥረት ሊገጥመው ይችላል። የእጥረቱ ምልክቶች የእግር መደንዘዝ፣ ሲራመዱ መንገዳገድ፣ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየትና መርሳት ናቸው፤ ሕክምናው ከዘገየ ጉዳቱ ቋሚ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ታካሚ ወደ ጤና ተቋም ሲደርስ አስታማሚው «የጨጓራ ቀዶ ሕክምና አድርጓል፤ ለቀናት ሲያስታውክ ቆይቷል» ብሎ አስቀድሞ ሊናገር ይገባል። ታያሚን ሳይሰጥ ግሉኮስ በደም ሥር መስጠት ጉዳቱን ሊያባብስ ስለሚችል፣ ይህ አንድ ዐረፍተ ነገር የታካሚውን አእምሮና እግር ሊያተርፍ ይችላል።

ትኩሳት በሲቀላ፦ ሦስት መንስኤ፣ አንድ ምልክት

አርባ ምንጭና አካባቢው የወባ በሽታ የሚገኝበት ቆላማ ስፍራ ነው። ስለዚህ በሲቀላ የሚኖር ሰው ሲያተኩሰው ቤተሰቡ ቀድሞ የሚያስበው ወባን ነው፤ በወረርሽኙ ወቅት ደግሞ ኮቪድ-19 ታስቧል። ቀዶ ሕክምና ላደረገ ሰው ግን ሦስተኛ መንስኤ አለ፤ እርሱም ጨጓራው ከተሰፋበት ቦታ ወደ ሆድ ዕቃ የሚፈስ ፈሳሽ ነው። ይህ በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚከሰት ሲሆን፣ በሰዓታት ውስጥ ለሕይወት አስጊ ሊሆን ይችላል። በመሆኑም የወባ መድኃኒት ገዝቶ በቤት መዋጥም ሆነ ኮቪድ ነው ብሎ በቤት ተለይቶ መተኛት አደገኛ ነው።

የሚከተሉት ምልክቶች ሲታዩ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል፦

• ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት
• በዕረፍት ላይ ሳሉ በደቂቃ ከ120 በላይ የልብ ምት
• እየበረታ የሚሄድ የሆድ ሕመም ወይም የግራ ትከሻ ሕመም
• ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ወይም የአንድ እግር ብቻ ማበጥና ሕመም፤ ይህ የደም መርጋት ምልክት ሊሆን ይችላል
• ለአንድ ቀን ፈሳሽ በሆድ አለመርጋት፣ የሽንት መጠን መቀነስና መጥቆር
• ጥቁር ሰገራ ወይም ደም ማስታወክ

በጤና ተቋሙ የወባና የኮቪድ-19 ምርመራ ሊደረግ ይገባል፤ ነገር ግን የአንዱ ውጤት አዎንታዊ መሆን ሌላውን አያስቀርም። ወባ የተገኘበት ሰው ሆዱም ሊታይ ይገባል። ወደ ተቋሙ ሲሄዱ ጭምብል ማድረግና የሁለት የአዋቂ እርምጃ ርቀት መጠበቅ አይዘነጋም።

መድኃኒትና ክትባት

ለሕመምና ለትኩሳት ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን መውሰድ በተለይ ባይፓስ ላደረጉ ሰዎች የጨጓራ ቁስለት ሊያስከትል ስለሚችል ፓራሲታሞል ይመረጣል። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ታካሚዎች ክብደታቸው ሲቀንስ የቀድሞው መጠን ሊበዛባቸው ይችላል፤ መጠኑ ግን የሚስተካከለው በሐኪም ብቻ ነው። ሴቶች ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቢያንስ ከ12 እስከ 18 ወር እርግዝናን እንዲያዘገዩ ይመከራል። ከባይፓስ በኋላ የሚዋጥ የእርግዝና መከላከያ አስተማማኝነቱ ሊቀንስ ስለሚችል ሌላ ዘዴ ስለመምረጥ ባለሙያ ማማከር ይገባል።

ከመጠን ያለፈ ውፍረት ኮቪድ-19 እንዲጸና ከሚያደርጉ ምክንያቶች አንዱ ነው። ክብደት መቀነስ በጀመረ በወራት ውስጥ ይህ ስጋት ጨርሶ ስለማይጠፋ፣ በሀገራችን መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. መሰጠት የጀመረውን ክትባት መውሰድ ይመከራል። ክትባቱ በክንድ የሚወጋ በመሆኑ የጨጓራው መጥበብ በሥራው ላይ ለውጥ አያመጣም። ቀዶ ሕክምናውን ገና ያላደረገና በኮቪድ-19 የተያዘ ሰው ቀጠሮውን ስለማራዘም ከሐኪሙ ጋር ሊነጋገር ይገባል።

የቤተሰብ ድርሻ

በባህላችን ማጉረስና «ብሉ እንጂ» ብሎ መገፋፋት የፍቅር መግለጫ ነው። ለዚህ ታካሚ ግን አንድ ጉርሻ ለማስታወክ በቂ ነው፤ በወረርሽኙ ወቅት ደግሞ ከእጅ ወደ አፍ የሚያልፍ ጉርሻ በሽታን ያስተላልፋል። በመሆኑም ለታካሚው የራሱን ትንሽ ሳህን መስጠት ከሁለቱም ጉዳት ይጠብቀዋል። ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ወር የፀጉር መሳሳት ሊታይ ይችላል፤ ይህ ብዙውን ጊዜ የሚመለስ ነው። የመልክ ለውጡን ሰዎች በሕመም ሲተረጉሙበት ታካሚው ሊያዝን ስለሚችል፣ ቤተሰብ አብሮት በማለዳ በእግር በመጓዝና በማበረታታት ሊደግፈው ይገባል።

ማጠቃለያ

ጥንቃቄ ማለት ከሐኪም መሸሽ አይደለም። ሊጠብቅ የሚችለውን በስልክ፣ ሊቀርብ የሚችለውን በአቅራቢያ መፈጸም፣ አደጋው ሲመጣ ግን ያለ ማመንታት መሄድ የማገገሙ ዋና ቁልፍ ነው። ስለ ኮቪድ-19 መረጃ ለማግኘት በነጻ የስልክ መስመር 8335 ይደውሉ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ቀዶ ሕክምና ካደረገ ሁለት ሳምንት የሆነው ሰው በቤትዎ ቢያተኩሰው በቅድሚያ ምን ያደርጋሉ? ለምን?
2. ለቀናት ያስታወከ ታካሚ ወደ ጤና ተቋም ሲደርስ አስታማሚው ለባለሙያው ምን ሊናገር ይገባል?
3. በአካባቢዎ ከሚገኙ ምግቦች መካከል በትንሽ መጠን ብዙ ፕሮቲን የሚሰጡት የትኞቹ ናቸው?