ቀለም ከተቀባ ላሜራ ላይ ፎርማ ስለ ማውጣት



ጅቡቲ የባሕር ከተማ ናት። ጨዋማው እርጥበት የመኪናን ላሜራ ቀስ በቀስ ይበላዋል። የአሮጌ መኪና ፓራፋንጎ ወይም ኮፈን በዝገት ሲያልቅና መለዋወጫው ከገበያ ሲጠፋ፣ አንዱ መፍትሔ በፋይበርግላስ ምትኩን መሥራት ነው። ፋይበርግላስ ለእናንተ እንግዳ አይደለም፤ በባሕራችን ላይ ከእርሱ የተሠሩ ጀልባዎችን ታያላችሁ። በመኪና ሥራም ቢሆን የአሜሪካው ሸቭሮሌት ኮርቬት እ.ኤ.አ. በ1953 ሲወጣ ቦዲው ፋይበርግላስ ነበር።

በዕረፍት ወራት ከአጎትና ከወንድም ጋር ጋራዥ የምትውሉ አላችሁ። ይህን ትምህርት ያዘጋጀነው በተለይ ለእናንተ ነው።

ምትክ ለመሥራት መጀመሪያ ከደህናው ላሜራ ላይ ፎርማ ይወጣል። ላሜራው ላይ ጄልኮት ይቀባል፤ በላዩ የመስታወት ጭረትና ሬዚን ይደረብበታል፤ ሲጠነክር ይላቀቃል። አደጋው እዚህ ላይ ነው። ፎርማው ከላሜራው ጋር ከተጣበቀ ሁለቱም ይበላሻሉ። ላሜራው ደግሞ ብዙ ጊዜ የደንበኛው ብቸኛ ንብረት ነው።

ለምን ይጣበቃል? ምክንያቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ቀዳዳ ነው። ፕራይመር ለዓይን ለስላሳ ቢመስልም እንደ ሸክላ ፈሳሽ ይመጣል። ሬዚኑ በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ገብቶ ሲጠነክር ሥር እንደ ሰደደ ተክል ይይዛል። ሁለተኛው ኬሚስትሪ ነው። በፖሊስተር ሬዚን ውስጥ ያለው ስታይሪን ቀለም የማሟሟት ጠባይ አለው። በቲነር መትነን ብቻ የሚደርቅ ቀለም ወይም ገና ያልበሰለ ቀለም ሲነካው ይለሰልሳል፣ ይሸበሸባል። ከማጠንከሪያ ጋር ተቀላቅሎ የሚቀባው ቀለም ግን በሚገባ ከበሰለ የተሻለ ይቋቋማል።

ቀለሙ የትኛው እንደሆነ እንዴት እንለያለን? ነጭ ጨርቅ በቲነር አርሰን በማይታይ ቦታ እናሻለን። ጨርቁ ቀለም ከያዘ ወይም ገጹ ከለሰለሰ፣ በዚያ ላይ ፎርማ አይወጣም።

የሥራው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

1. ላሜራውን በንጹሕ ውኃና በሳሙና ማጠብ። ጨው ከቀለም ሥር ከቀረ እርጥበት እየሳበ ቀለሙን ያሳብጣል።

2. ጎድጓዳውን በስቱኮ መሙላትና ማስተካከል። ፎርማ ጭረትንም ጉድጓድንም ሳይመርጥ ይቀዳል።

3. ስቱኮውንና ፕራይመሩን ማጠንከሪያ ባለው ቀለም መሸፈንና እስኪበስል መታገሥ። ከላይ መድረቁ መብሰሉ አይደለም፤ ቢያንስ አንድ ሳምንት መጠበቅ ይመረጣል።

4. በውኃ እያረሱ ከ800 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ጀምሮ በ1000፣ በ1200 እና በ1500 ማለስለስ፤ ከዚያ በማወልወያ ማብረቅ። ሲሊኮን ያለበት ማወልወያ ግን አይሆንም፤ በላዩ የሚቀባውን ያሸሻል።

5. የፎርማ ሰም በስሱ ቀብቶ ማወልወል፤ በየመካከሉ ሰዓት ያህል እያቆዩ ከአምስት ጊዜ ያላነሰ መደጋገም።

6. ፒ.ቪ.ኤ. የሚባለውን በውኃ የሚሟሟ ማላቀቂያ በስሱ መርጨትና ሙሉ በሙሉ እንዲደርቅ መተው።

7. ከሁሉ በፊት በሌላ ቁራጭ ላሜራ ላይ በተመሳሳይ መንገድ መሞከር። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባል የለ!

የከተማችን አየር የራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በበጋው ፀሐይ የዋለ ላሜራ እጅ ያቃጥላል፤ ሬዚኑም ተቀብቶ ሳያልቅ ይረጋል። ሥራው በጥላ ሥር ይሁን። እርጥበት በበዛበት ጠዋት ደግሞ በቀዝቃዛ ላሜራ ላይ ጤዛ ያርፋል፤ ፒ.ቪ.ኤ.ም አይደርቅም። በሳይንስ ክፍል የተማራችሁት ጤዛ ይኸው ነው።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠውን እንናገር። የሬዚኑ ማጠንከሪያ አንዲት ጠብታው ዓይን ሊያጠፋ ይችላል፤ ያለ መነጽር አይነካ። ከኮባልት አፋጣኝ ጋር በቀጥታ ከተቀላቀለ ይፈነዳል። የባለማጠንከሪያ ቀለም ርጭት ሳንባን ይጎዳል፤ በፊት ላይ የታሰረ ሻሽ አያድንም። ስለዚህ መርጨቱን በቂ መከላከያ ላለው ባለሙያ ተዉት፤ እናንተ ማለስለሱንና ሰም መቀባቱን ተማሩ። መነጽር ስጠኝ ብሎ አጎትን መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

ጋራዥ ትምህርት ያልሆነለት ሰው መሄጃ ነው ሲባል እንሰማለን። እኛ አንስማማም። ከላይ ያለውን የሚያውቅ ባለሙያ ኬሚስትሪ ያውቃል። ልዩነቱ ፈተናው በወረቀት ላይ ሳይሆን በሰው ንብረት ላይ መሆኑ ነው።

መልመጃ

ሀ. ፕራይመር ላይ በቀጥታ ፎርማ ማውጣት ለምን አደገኛ ነው?
ለ. በደረቀና በበሰለ ቀለም መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
ሐ. ቤታችሁ አጠገብ ያለውን ባለሙያ ጠይቁ፤ እርሱ በምን ይለያቸዋል? መልሱን ለክፍል ጓደኞቻችሁ አስረዱ።