አጠገቧ ለምትቀመጪው

ልጄ፣ የዱውላ፣ ማለትም ወላድን የመደገፍ፣ ሥልጠናሽን ጨርሰሽ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ አካባቢ ያሉ ሐበሾች ዘንድ ልትሠሪ ማሰብሽን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እዚህ አሜሪካ እናቷ ቪዛ የተከለከለች፣ እህቷ ሁለት ሥራ የምትሠራ፣ ባሏ ሌሊት ኡበር የሚነዳ ነፍሰ ጡር ሞልታለች። ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈልሽን ጥቂት ነገር ልንገርሽ። ቅደም ተከተሉን አትዪው፤ እንደመጣልኝ ነው።

1. መቀመጥን ልመጂ። ዋናው ሥራሽ ይኸው ነው። ጆን ኬኔልና ማርሻል ክላውስ የሚባሉ ሐኪሞች ከባልደረቦቻቸው ጋር ጓቲማላ ውስጥ ያደረጉትን ጥናት በ1980 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። በተጨናነቀ ሆስፒታል ብቻቸውን የሚያምጡ ሴቶችን፣ አንዲት የማያውቋት ሴት ከጎናቸው ካልተለየቻቸው ጋር አነጻጸሩ። ሴትዮዋ ሐኪምም አዋላጅም አልነበረችም፤ እጅ ትይዛለች፣ ጀርባ ታሻለች፣ ታጫውታለች፣ በቃ። ሰው ያልተለያቸው እናቶች ሆስፒታል ከገቡ እስኪወልዱ የፈጀባቸው ጊዜ የሌሎቹን ግማሽ እንኳ አልሞላም። ከዚያ ወዲህ በ17 አገሮች ከ15,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉባቸው ጥናቶች በ2017 እ.ኤ.አ. በአንድነት ሲገመገሙ፣ ሳይለይ የሚደግፍ ሰው ያላቸው እናቶች በኦፕራሲዮን የመውለድ ዕድላቸው እንደሚቀንስ፣ ምጣቸውም በመጠኑ እንደሚያጥር ታይቷል። በመጠኑ ነው ያልኩሽ፤ ተአምር ሠሪ ነኝ ብለሽ አትግቢ። አንዳንድ ጀማሪ ዘይቱንም ኳሱንም ሻማውንም ተሸክማ ትመጣና በአራተኛው ሰዓት ስልኳን መነካካት ትጀምራለች። ሻማውን ሆስፒታሉ አያስለኩስሽም፤ ስልኩን ግን ራስሽ ዝጊው።

2. ሳትወልድ ቤቷ ሂጂ። ቡናውን ጠጪና ጠይቂ። ማን አብሯት ይገባል? ባልየው ይገባል? ከገባስ የት ይቆማል? ኦርቶዶክስ ከሆነች ምጡ ሲበረታ ማርያምን መጣራቷ አይቀርም፤ ጩኸቱ ጸሎት መሆኑን ለነርሷ አስቀድመሽ ንገሪያት። ሙስሊም ከሆኑ አባትየው በልጁ ጆሮ አዛን የሚልበት ጥቂት ደቂቃ ያስፈልገዋል፤ ሴት ሐኪም የምትፈልግ ከሆነም ጥያቄው ቀደም ብሎ ይቅረብ።

ከቡናው መሐል ስለ ሾተላይ አንሺ። አያቶቻችን ልጅ በላ እያሉ የሚፈሩት ነገር የእናት ደም አርኤች ኔጌቲቭ፣ የጽንሱ ፖዘቲቭ ሲሆን የሚመጣ ነው። እዚህ በ28ኛው ሳምንት ገደማ መርፌ ትወጋለች፤ የተወለደው ልጅ ፖዘቲቭ ከሆነ ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ ይደገምላታል። መርፌው የሐኪሟ ጉዳይ ነው። ያንቺ ድርሻ «የደምሽን ዓይነት ነግረውሻል?» ብሎ መጠየቅ ነው፤ በተለይ ከዚህ ቀደም ውርጃ የደረሰባት ከሆነ።

3. «ወገቤን! ወገቤን!» የምትል ብዙ ናት። ልጁ ፊቱን ወደ እናቱ ሆድ አዙሮ ሲመጣ ሕመሙ ጀርባ ላይ ይጠናል። አልጋው ላይ አስደግፈሽ አንበርክኪያት፤ ከመቀመጫዋ ከፍ ብሎ ያለውን ጠፍጣፋ አጥንት በመዳፍሽ ግርጌ፣ ክንድሽን ሳታጥፊ፣ በሰውነትሽ ክብደት ተጫኚው። ምጡ ሲነሣ ጫን፣ ሲያልፍ ለቀቅ። «ጠበቅ አድርጊው» ትልሻለች፤ ከምታስቢው በላይ ጉልበት ይፈልጋል። ሦስት አራት ምጥ እንዳለፈ ባልየውን ጥሪውና እጁን ወስደሽ ቦታው ላይ አስቀምጪለት። ብዙዎቹ ወንዶቻችን አገር ቤት ማዋለጃ ክፍል ገብተው አያውቁም፤ ግድግዳ ተደግፈው የሚቆሙት ጨክነው አይደለም፣ የሚሠሩትን አጥተው ነው። ቦታውን ያገኘ ባል ካንቺ ይሻላል። አንቺ ያኔ ወደ ራስጌዋ ዞረሽ ከንፈሯን በበረዶ ታረጥቢያለሽ።

ወደ መጨረሻው «አልችልም፣ ቤቴ ውሰዱኝ» ስትል አትደንግጪ። ብዙ ጊዜ የማህፀን በር ተከፍቶ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የሚወጣ ቃል ነው። «እየቻልሽው ነው» በያት፤ ሌላ ንግግር አታብዢባት።

4. አስተርጓሚ አትሁኚ። ነርሷ አማርኛ እንደምትችዪ ስታውቅ «እስቲ ይሄን ንገሪልኝ» ማለቷ አይቀርም። የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታል ብቁ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ሕጋዊ ግዴታ አለበት፤ በስልክም ሆነ በቪዲዮ ያስመጣል። «ውሃ ትፈልጋለች» ማለት ሌላ ነገር ነው። ፊርማ የሚያስፈልገው ጉዳይ ሲመጣ ግን፣ ኤፒዱራልም ይሁን ኦፕራሲዮን፣ አስተርጓሚው ይጠራ በይ። አንዲት ቃል ብትስቺ ጣጣው ለእሷም ላንቺም ይተርፋል። ደግሞስ እያስተረጎምሽ እንዴት አድርገሽ እጇን ትይዣለሽ?

በዚያው ልክ የማህፀን በር አትመረምሪም፣ የልጁን የልብ ምት አታዳምጪም፣ መድኃኒት አትሰጪም፣ ስለ እሷ አትወስኚም። የዘነጋችውን ጥያቄ «ቅድም ልትጠይቂው የነበረው ነገርስ?» ብለሽ ማስታወስ ግን ሥራሽ ነው።

5. በዚህ አገር ከሦስት ወላዶች አንዷ ገደማ በኦፕራሲዮን ትወልዳለች። ብዙ ጊዜ ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ያስገባሉ፤ ቦታውን ለባልየው ልቀቂና ስትወጣ በሩ ላይ ተገኚ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» በኦፕራሲዮን ለወለደችም እኩል ይባላል። ፊቷን ካየሽው ከሌላዋ ይልቅ ቃሉን የምትጠብቀው እሷ ናት።

6. አራስ ቤቱ ላይ በርቺ። አብዛኛው ሰው ዱውላ የሚፈልገው ለምጡ ነው፤ እኔ ግን ምርጫ ቢሰጠኝ ለአራስነቱ እቀጥር ነበር። አገር ቤት አንዷ ገንፎ ስታገነፋ ሌላዋ አጥሚት ታፈላለች፣ ሦስተኛዋ ልብስ ታጥባለች። እዚህ ሁለት ሌሊት ሆስፒታል ታድርና ልጇን መኪና ወንበር ላይ አስራ ወደ ባዶ አፓርትማ ትመለሳለች። ስለዚህ ስትሄጂ በመጀመሪያ ድስቱን እዪ። በልታለች ወይ? ልጁን ተቀብለሽ ገላዋን እንድትታጠብ አድርጊ። ምክሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት የእንገር ናቸው። ጥቂት፣ ወፍራምና ቢጫ ስለሆነ «ወተቷ ገና አልመጣም» ብለው ለልጁ ቅቤ ሊያልሱ ወይም የስኳር ውሃ ሊሰጡ የሚነሡ አክስት አይጠፉም። ለአዲስ ልጅ የሚበቃው እንገሩ ነው። አክስትን ግን በክርክር አታሸንፊያቸውም። «እትዬ፣ ገንፎው ያለእርስዎ እጅ አይጥምም» በያቸውና ቅቤውን ወደዚያ ሸኚው።

ጠያቂው ደግሞ ይጎርፋል። ቡና ሲቆላ የጢሱ ደወል ይጮኻል፣ ሕፃኑ ይነሣል። መስኮት ክፈቱ ስትዪ «አራሷን ብርድ ይመታታል» ይሉሻል። በዚህ ጉዳይ እስካሁን አላሸነፍኩም።

ለቅሶዋንም ልብ በዪ። በመጀመሪያው ሳምንት ሆድ የሚያስብስና የሚያስለቅስ ነገር ብዙዋን ያገኛታል፤ ያልፋል። ሁለት ሳምንት ካለፈውና ልጇን ማየት ካስጠላት፣ ወይም ልጁ ተኝቶም እሷ እንቅልፍ እምቢ ካላት፣ ሐኪም ያስፈልጋታል። ቤተሰብ ቡዳ ነው ይላል፣ ጠበል ይላል። ጠበሉን አትከልክዪ፤ ሐኪሙንም አታስቀሪ። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለነፍሰ ጡሮችና ለወላዶች የተከፈተ ነጻ የምክር መስመር አለ፤ 1-833-852-6262፣ ቀንም ሌሊትም ይሠራል፣ አስተርጓሚም ይጠራል። ራሷን ወይም ልጁን ልትጎዳ እንዳሰበች ከተናገረች ግን 911 ነው።

7. ይህን የአደጋ ምልክቶች ዝርዝር ማቀዝቀዣው በር ላይ በአማርኛ ጽፈሽ ለጥፊላት። በአንድ ሰዓት አንድ ሞዴስ የሚያርስ ደም፣ የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ትኩሳት፣ የአንድ እግር እብጠትና ሕመም። የደም ግፊት ከወለደች በኋላም ባሉት ሳምንታት ሊነሣ ይችላል። «ድካም ነው» የሚል ሰው ቢኖርም ለሐኪም ይደወል፤ ሲደወልም መውለዷን አስቀድማ ትናገር።

8. ገንዘብ። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዋሽንግተን ዲሲ በ2022 እ.ኤ.አ. ለሜዲኬይድ ተጠቃሚዎች የዱውላ ክፍያ መሸፈን ጀምረዋል። ተመዝግበሽ ፈቃድ እስክታገኚ ወረቀቱ ያሰለቻል፤ ቢሆንም ጨርሺው፤ ብዙ እናቶቻችን ከኪሳቸው መክፈል አይችሉም። ከኪሷ የምትከፍለውን ደግሞ ዋጋሽን በመጀመሪያው ቡና ላይ፣ ባልየው ባለበት ንገሪያቸው፤ ምን እንደሚጨምር፣ አንቺ ብትታመሚ ማን እንደሚተካሽ ጽፋችሁ ተፈራረሙ። «አንቺ እኮ ልጃችን ነሽ» ይሉሻል። ነሽ፤ ልጅም ቢሆን የቤት ኪራይ ይከፍላል።