መዋቅርና ዝምድና፦ ከቆቦ ማሳዎች የምንማረው



በራያ ቆላ ጎሊናና ሆርማት ከምዕራቡ ተራራ ሲሞሉ ጎርፉ የቢሮ ሰዓት አይጠብቅም። ገበሬዎች ተጠራርተው ውሃውን በቦይ ይጠልፋሉ፤ ከላይኛው ማሳ ወደ ታችኛው ያሳልፋሉ። ይህ ከሰው ወደ ሰው የሚሄድ አሠራር ፈጣን ነው፤ ደንብ፣ መዝገብና ማኅተም ያለው ተቋም ግን ይዘገያል። ዛሬም የእጅ ስልክ ጥሪውን አፋጥኖታል።

ሆኖም ዝምድና የሚያስታውሰው የሚያውቀውን ነው። ጠሪ የሌላት መበለት ተራዋ ሊያልፋት ይችላል፤ መዝገብ የሚያስፈልገው ስለ እርሷ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 12 ብልቶች እርስ በርሳቸው እንዲተሳሰቡ ሲያስተምር፣ ደካማ የሚመስለውን ብልት ይበልጥ አስፈላጊ ይለዋል። እንግዲህ መዋቅርን ከዝምድና አንነጥል።

ለውይይት፦ በቁምስናችን መዝገብ ስሙ ያለ፣ ነገር ግን ማንም የማይጠራው ማን ነው?