ዳግም አረቄና እምቢ ያለችው ውሃ

«ሜምብሬን» የሚለውን ቃል መጀመሪያ ያገኘሁት ጊዜ «ማጣሪያ» ብዬ ተርጉሜው አለፍኩ። አሁን ሳየው አንባቢን አሳስቻለሁ። ማጣሪያ ሲባል ለሰው የሚታየው የጠላ ማጥለያ ነው፤ አተላው ከላይ ይቀራል፣ ጠላው ይወርዳል። ኢታኖልና ውሃ ግን ሁለቱም ጥርት ያሉ ፈሳሾች ናቸው። ታዲያ ምን ከምን ይጠለላል?

ነገሩን ለማስረዳት ከደብረ ማርቆስ መውጣት አያስፈልግም። አረቄ የሚያወጡ እናቶቻችን ድፍድፉን ያፈላሉ፤ እንፋሎቱን አቀዝቅዘው ይይዛሉ። አልኮል ከውሃ ይልቅ ቶሎ ስለሚተን የሚወርደው ጠንካራ ነው። ተራው አረቄ እንደገና ሲወጣ «ዳግም» ይሆናል፤ የቀመሰ ያውቀዋል። እሺ፣ አሥር ጊዜ ቢወጣስ ንጹሕ አልኮል ይሆናል? አይሆንም። ኢታኖሉ በክብደት 95.6 ከመቶ ገደማ ሲደርስ ውሃውና አልኮሉ በዚያው መጠን አብረው ይተናሉ። ከዚያ ወዲያ ማገዶ መጨረስ ብቻ ነው።

ለጠጪ ይህች ውሃ ምንም አይደለችም፤ ለመኪና ግን ጠንቅ ናት። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2008 አዲስ አበባ ላይ 5 ከመቶ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ስትጀምር፣ ኢታኖሉ የመጣው ከዓባይ ማዶ፣ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ነው፤ የሚሠራውም ከስኳር ተረፈ ምርት ከሞላሰስ ነው። በ2011 ድርሻው ወደ 10 ከመቶ አደገ። ውሃ የበዛበት ኢታኖል ቤንዚን ውስጥ ሲገባ ቤንዚኑ ከላይ፣ ውሃና አልኮሉ ከታች ይለያያሉ። ሞተሩ የታችኛውን ከሳበ በቃ፣ ቀጥ ይላል።

ሜምብሬን የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አሠራሩ ፐርቫፖሬሽን ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ጀርመን ውስጥ ለፋብሪካ ሥራ በቃ። ፖሊቪኒል አልኮል የሚባል ውሃ ወዳድ ስስ ፕላስቲክ በአንድ ፊቱ ትኩሱን ኢታኖል ይነካል። በሌላው ፊት ያለውን አየር ፓምፕ ይመጥጠዋል። ውሃዋ ፕላስቲኩ ውስጥ ሰርጋ በማዶ በኩል ተንና ትወጣለች፤ አልኮሉ በአብዛኛው እዚያው ይቀራል። ጥቅሙ ይኸው ነው፦ የሚተነው በአብዛኛው ያቺው ጥቂት ውሃ እንጂ ፈሳሹ በሙሉ አይደለም። በእርግጥ ማፍላቱን ጨርሶ አያስቀርም፤ የመጨረሻዋን ውሃ ነው የሚያወጣው። ሜምብሬኑም ርካሽ ዕቃ አይደለም።

እርሾን ከተብላላው ፈሳሽ የሚለዩ ሜምብሬኖችም አሉ። እነሱን «ማጣሪያ» ብንል አልተሳሳትንም፤ ቀዳዳቸው እርሾ አያሳልፍማ። ውሃ የሚያሰርገውን ግን እኔ «ሜምብሬን» ብዬ ትቼ፣ ሥራውን አጠገቡ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ጀምሬያለሁ።