ባለዕዳው ሌላ ክልል ቢሆን ክሱ የት ይቀርባል?

ዱሮ በአገራችን ከሳሽና ተከሳሽ ኩታቸውን አቋጥረው አብረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ይህ «ቁራኛ» ይባል ነበር። ባለገንዘቡ ባለዕዳውን በቋጠሮ ይዞት ስለሚሄድ ሰውየው የት አገር ነው፣ የትኛው ዳኛ ያየዋል የሚለው ነገር ብዙ አያስቸግርም ነበር። ሁለቱም እዚያው ናቸው። ዛሬ ግን እህላችንን የሚገዛው ነጋዴ በመኪና መጥቶ፣ ጭኖ፣ በማግሥቱ ዓባይን ተሻግሮ ሄዷል። በኩታ የሚቋጠር ሰው የለም። በእጃችን የሚቀረው ወረቀት ነው፤ እሱም ካለ።

እስቲ በምሳሌ እንየው። አንድ የቡሬ ገበሬ አለ እንበል። በቆሎ አምርቷል። ነዋሪነቱ አዳማ የሆነ ነጋዴ መጣና 40 ኩንታል በ3,000 ብር ሒሳብ ገዛው። ጠቅላላው 120,000 ብር ነው። ነጋዴው 40,000 ብር ቆጥሮ ሰጠ። የቀረውን 80,000 ብር «በወር ውስጥ በባንክ እልካለሁ» ብሎ ሄደ። ወሩ አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ። ስልኩ መጀመሪያ ይጠራ ነበር፤ ኋላ ዝግ ሆነ። ታዲያ ይህ ገበሬ ወዴት ይሂድ?

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ፖሊስ ነው። ዕዳ አለመክፈል ግን ብቻውን ወንጀል አይደለም። ነጋዴው በባንክ ገንዘብ ሳይኖረው ቼክ ጽፎ ሰጥቶ ከሆነ፣ ማለት ደረቅ ቼክ ከሆነ፣ ነገሩ ወደ ወንጀልም ይሄዳል። እንዲያው በቃል «እከፍላለሁ» ብሎ የቀረ ከሆነ ግን ጉዳዩ የፍትሐ ብሔር ነው። የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ማለት ሰው ከሰው ጋር በገንዘብ፣ በንብረት፣ በውል የሚከራከርበት ነው። መንገዱ በፍርድ ቤት ነው።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ መጣ። የትኛው ፍርድ ቤት? በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የሚነሣው ከአንድ ደንብ ነው። ከሳሽ ተከሳሽን ተከትሎ ይሄዳል። ተከሳሹ በሚኖርበት፣ ወይም በሚነግድበት፣ ወይም ሠርቶ በሚያድርበት ቦታ ያለው ፍርድ ቤት ክሱን ያያል። በዚህ ደንብ የቡሬው ገበሬ አዳማ መውረድ ሊኖርበት ነው። ለአንድ ቀጠሮ የመጓጓዣ፣ የማደሪያና የምግብ ወጪ አለ። ቀጠሮው ደግሞ አንድ አይሆንም። በዚያ ላይ የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ ኦሮምኛ ስለሆነ፣ ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ክሱን የሚጽፍለትና የሚያስተረጉምለት መፈለግ አለበት። የአዳማ ሰው ቡሬ መጥቶ ሲከስም እንዲሁ በአማርኛ ይቸገራል።

ነገር ግን ሕጉ ሌላም በር ከፍቷል። ክርክሩ የውል ከሆነ፣ ውሉ በተደረገበት ወይም ውሉ በሚፈጸምበት ቦታ ባለው ፍርድ ቤት መክሰስ ይቻላል። ገበሬውና ነጋዴው የተዋዋሉት ቡሬ ነው። በቆሎው የተጫነው ቡሬ ነው። ስለዚህ ገበሬው በአገሩ መክሰስ ይችላል። ይህን ማወቅ ብቻ ስንት ሰው ከመንገድ ያድናል!

ውል ያልሆነ ነገርም አለ። ለምሳሌ ከሌላ ክልል የመጣ የጭነት መኪና በሬ ገጭቶ ገደለ እንበል። የበሬው ባለቤት ጉዳቱ በደረሰበት ቦታ ሊከስ ይችላል። ግን ይቸኩል፤ እንዲህ ላለው ካሣ ሕጉ የሰጠው ጊዜ 2 ዓመት ነው። ለውል ዕዳ ግን በጠቅላላው 10 ዓመት ነው። ክርክሩ የመሬት ወይም የቤት እንደሆነ ደግሞ መሬቱ ካለበት አይወጣም። የውርስ ክርክር ሟቹ ሲሞት ይኖርበት በነበረው ቦታ ይታያል። የገዛችሁ ሰው ሳይሆን ድርጅት ከሆነ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ያለበት አለ፣ ከእናንተ ጋር የተዋዋለው ቅርንጫፍ ያለበት አለ። ቅርብ የሆነውን ጠይቁ።

አሁን ወደ ቡሬው ሰው እንመለስ። ቦታው ተገኘ፤ በአገሩ ይከሳል። ታዲያ ብድግ ብሎ ወደ ቡሬ ወረዳ ፍርድ ቤት ይሂድ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ስለዚህ ቀስ ብለን እናንብበው።

ፍርድ ቤት ሁለት ዓይነት ሥልጣን ያስፈልገዋል። አንደኛው የቦታ ሥልጣን ነው፤ እስካሁን ያየነው እሱን ነው። ሁለተኛው የሥረ ነገር ሥልጣን ይባላል። የሥረ ነገር ሥልጣን ማለት እንዲህ ያለውን ጉዳይ ለማየት ሕግ ለዚያ ፍርድ ቤት የሰጠው ሥልጣን ማለት ነው። በአገራችን የፌዴራል ፍርድ ቤትና የክልል ፍርድ ቤት አለ። ነዋሪነታቸው በተለያየ ክልል የሆነ ሁለት ሰዎች ሲካሰሱ ነገሩ የፌዴራል ጉዳይ ይሆናል። ይህ በ1988 ዓ.ም. በወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ተጽፎ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 1234 ላይም አለ። ገበሬው የአማራ ክልል ነዋሪ ነው፤ ነጋዴው የኦሮሚያ። ስለዚህ ጉዳያቸው የፌዴራል ነው።

«እንግዲያማ አዲስ አበባ ልወጣ ነው?» ትሉ ይሆናል። የለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 80 ለዚህ መላ አበጅቷል። የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥራ ደርቦ ይሠራል። የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ሥራ ደርቦ ይሠራል። ስለዚህ የቡሬው ገበሬ የ80,000 ብር ክሱን የሚያቀርበው ለወረዳው ፍርድ ቤት አይደለም። ለዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው፤ እሱም የምዕራብ ጎጃም ዋና ከተማ በሆነችው በፍኖተ ሰላም ነው። ይግባኝ ቢኖር ወደ ክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ሁለቱም የአንድ ክልል ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ ግን ወረዳው ሊያየው ይችል ነበር።

ይህ ለምን ይህን ያህል አሳሰበን? የቦታ ስሕተት ከሆነ፣ ተከሳሹ ገና ከመጀመሪያው «ቦታው አይደለም» ብሎ ካልተቃወመ ነገሩ እንደታለፈ ይቆጠራል። የሥረ ነገር ስሕተት ግን እንዲያ አይታለፍም። ሁለቱም ዝም ቢሉ እንኳ ፍርድ ቤቱ ራሱ ሊያነሣው ይገባል። ወረዳው ሳያስተውል ፈርዶ ቢሆን፣ በይግባኝ «ያ ፍርድ ቤት ሥልጣን አልነበረውም» ተብሎ ሁሉም ሊፈርስ ይችላል። ገበሬው ምስክር አሰምቷል፤ ዳኝነት ከፍሏል፤ የእርሻ ጊዜውን አጥፍቷል። እንደገና ከሀ ይጀምር ማለት ነው። ስለዚህ ክስ ለሚጽፍላችሁ ራፖር ጸሐፊ መጀመሪያ የምትነግሩት የገንዘቡን መጠን ብቻ አይሁን። «ተከሳሹ የየት ክልል ነዋሪ ነው» የሚለውን ንገሩት። እሱም ካልጠየቃችሁ ሌላ ጸሐፊ ብትፈልጉ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ግን የሚጠቅመው ማስረጃ ሲኖር ነው። እህል በዱቤ መሸጥ በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም አይባልም፤ በምስክርም ይረዳል። ብድር ግን ሌላ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ500 ብር በላይ ያበደረ ሰው ብድሩን በምስክር ብቻ ማስረዳት አይችልም ይላል። ጽሑፍ ያስፈልገዋል፤ አለዚያ ተከሳሹ ራሱ በፍርድ ቤት ማመን ወይም መሐላ መፈጸም አለበት። 500 ብር ዛሬ ምን ያህል እንደሆነ እናንተ ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ ማንበብና መጻፍ ከተማርን አይቀር፣ ጭነቱ ከመነሣቱ በፊት አንድ ወረቀት እንጻፍ። የገዢውን ስም እስከ አያቱ፣ የሚኖርበትን ክልል፣ ከተማና ቀበሌ፣ የመታወቂያውን ቁጥር፣ የንግድ ፈቃድ ካለው የፈቃዱን ቁጥር እንጻፍ። የመኪናው ታርጋ ቢጨመር አይጎዳም። ስንት ኩንታል እንደተጫነ፣ ስንት ብር እንደተከፈለና እንደቀረ፣ በየትኛው ቀን እንደሚከፈል ይጻፍ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሁለት ነገር አይዘለል፤ «ውሉ በቡሬ ተደረገ» እና «ቀሪው ገንዘብ በቡሬ ይከፈላል» የሚሉት። ነጋዴው ቢክድና «የተዋዋልነው አዳማ ነው» ቢል መልሱ እዚያው ወረቀት ላይ ነው። ሁለቱም ይፈርሙ፤ ሁለት ምስክር ይፈርም። ነጋዴው አስቀድሞ የታተመ ወረቀት ይዞ ቢመጣ ደግሞ፣ እስከ መጨረሻው መስመር ሳናነብ አንፈርም። «ክርክር ቢነሣ በእንዲህ ያለ ከተማ ፍርድ ቤት ይታያል» የሚል ቃል ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ከታች ነው።

ክሱ ከተከፈተ በኋላ ለተከሳሹ መጥሪያ ይላካል። ሩቅ ከሆነ እሱ ባለበት ፍርድ ቤት በኩል ሊደርሰው ይችላል። ቢታጣ በጋዜጣ እንዲጠራ ይታዘዛል። መጥሪያው በደንብ ደርሶት ካልቀረበ ክርክሩ እሱ በሌለበት ይቀጥላል። ከሳሹ ቀርቶ ተከሳሹ ከቀረበ ግን መዝገቡ ይዘጋል፤ ስለዚህ የዘንድሮ አዝመራ ቢደርስም ቀጠሮ አይረሳ። መሄድ የማይችል ሰው ሚስቱን ወይም ባሏን፣ ልጁን፣ ወንድሙን በጽሑፍ መወከል ይችላል። ለዳኝነት የሚከፍለው የሌለው ደግሞ ድሃ መሆኑን አስመስክሮ «በደሃ ደንብ» ለመክሰስ ፍርድ ቤቱን ይጠይቃል። በመሐል ሽማግሌ ገብቶ ቢያስታርቅ ጥሩ ነው፤ ያን ጊዜ እርቁ በጽሑፍ ሆኖ ለፍርድ ቤቱ ቀርቦ ይመዝገብ። በቃል ብቻ ታርቆ መዝገቡን ያዘጋ ሰው ነጋዴው ተመልሶ ሲጠፋበት ምን ይይዛል?

ተከሳሹ ንብረቱን ሊሸጥ ወይም ሊያሸሽ እየተሰናዳ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ካለ፣ ፍርድ እስኪሰጥ ሳይጠበቅ ንብረቱ ተከብሮ እንዲቆይ ማመልከት ይቻላል። ይህ በተለይ መኪና ላላቸው ነጋዴዎች ይሠራል፤ መኪና ዛሬ የእሱ ነው፣ ነገ የሌላ ነው።

አሁን ገበሬው ረታ እንበል። ፍኖተ ሰላም ላይ 80,000 ብሩን ከነወጪው እንዲከፍለው ተፈረደለት። የነጋዴው ሱቅና መኪና ግን አዳማ ነው። የፍኖተ ሰላም ፍርድ ቤት እዚያ ሄዶ ሱቅ አያሽግም። ስለዚህ ገበሬው የፍርዱን ግልባጭ አውጥቶ፣ ለፈረደው ፍርድ ቤት የአፈጻጸም ማመልከቻ ያቀርባል። ፍርዱም ንብረቱ ባለበት ቦታ ወዳለው ፍርድ ቤት እንዲላክለት ይጠይቃል። የአዳማው ፍርድ ቤት ክርክሩን እንደገና አያይም፤ ማን ረታ ማን ተረታ ብሎ አይጠይቅም። ፍርዱን ያስፈጽማል። እዚህ ላይ ከሳሹ ሊረዳ የሚችለው የንብረቱን ዓይነትና ቦታ በማሳወቅ ነው፤ ሱቁ በየትኛው ሰፈር እንደሆነ፣ የመኪናው ታርጋ ስንት እንደሆነ። ያ መጀመሪያ በጭነት ቀን የተጻፈው ታርጋ የሚፈለገው ያን ጊዜ ነው። ለማስፈጸም 10 ዓመት ጊዜ አለ፤ ዛሬ ሱቁ ባዶ ሆኖ ቢገኝ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ነጋዴው ሌላ መኪና ሲገዛ እንደገና ማመልከት ይቻላል።