ስለ ጋራ የዳታቤዝ መስመሮች አጭር ትምህርት

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ለሚሻገር መንገደኛ ሁሉ፣ በመጣ ቁጥር ደንገል ታጭዶ አዲስ ታንኳ ይሠራለት፤ ሲደርስም ታንኳው ይፍረስ ቢባል፣ ነገሩ ከንቱ ድካም በሆነ ነበር። ጥቂት ታንኳዎች በዳርቻው ታስረው ቢቆዩና አንዱ ሲመለስ ሌላው ቢሳፈር ግን ሁሉም ይሻገራል። በጃቫ የተጻፉ ፕሮግራሞችም ከዳታቤዝ ጋር የሚገናኙት በዚሁ ዓይነት ሥርዓት ነው።

ዳታቤዝ ማለት መረጃ ተደራጅቶ የሚቀመጥበት ቋት ነው። አንድ ፕሮግራም ወደ እርሱ መስመር ለመክፈት በመጀመሪያ በኔትወርክ ይጠራዋል፤ ቀጥሎ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ያቀርባል። ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ ደግሞ ለያንዳንዱ መስመር የተለየ ሥራ አስፈጻሚ ያስነሣል። ይህ ሁሉ ጊዜ ስለሚፈጅ መስመሮቹ አንድ ጊዜ ተከፍተው በጋራ ይጠበቃሉ። ይህንም ባለሙያዎች ፑል ይሉታል።

ቶምካት የተባለው የጃቫ ሰርቨር እ.ኤ.አ. በ1999 ከሰን ማይክሮሲስተምስ ለአፓቼ የተሰጠ ነው። በዚህ ሰርቨር ላይ ፑል ለማዘጋጀት ሦስት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛ፣ የዳታቤዙ ድራይቨር ሊብ በተባለው ፎልደር ይቀመጣል። ሁለተኛ፣ ኮንቴክስት በተባለው ፋይል ውስጥ የመስመሩ መጠሪያ፣ የዳታቤዙ አድራሻና የይለፍ ቃሉ ይጻፋሉ። ሦስተኛ፣ ፕሮግራሙ ፑሉን በመጠሪያው ብቻ ይጠራዋል። ስለዚህ ዳታቤዙ ቦታ ቢለውጥ የሚታረመው አንድ ፋይል ብቻ ነው፤ ፕሮግራሙ እንደገና አይጻፍም።

ቁጥሩ ሳይወሰን ከቀረ ቶምካት በአንድ ጊዜ ከ8 መስመር በላይ አያበድርም። ይህ ቁጥር ያነሰ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ጥያቄ 50 ሚሊሰኮንድ ቢፈጅ፣ አንዱ መስመር በሰኮንድ 20 ጥያቄ፣ ስምንቱ 160 ጥያቄ ያስተናግዳሉ።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት የተበደሩትን አለመመለስ ነው። ስምንት መስመሮች ተወስደው ካልተመለሱ ዘጠነኛው ጠያቂ ይጠብቃል፤ የመጠበቂያው ጊዜ ካልተወሰነለትም ያለ መጨረሻ ይጠብቃል። ዳታቤዙ ደኅና ሆኖ ሳለ ሰው ሁሉ ተበላሸ ይላል። ስለሆነም የመጠበቂያውን ጊዜ፣ ለምሳሌ 10 ሰኮንድ ብሎ መወሰን ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ጃቫ 7 ደግሞ ሥራው ሲያልቅ፣ ስሕተት ቢፈጠርም እንኳ፣ መስመሩን በራሱ የሚመልስ የአጻጻፍ ዘዴ አምጥቷል።

እንግዲያስ ቁጥሩን ዝም ብሎ ማብዛት ይሻላልን? አይሻልም። ፖስትግሬስ ሳይለወጥ ከተተወ የሚቀበለው 100 መስመር ነው፤ ከዚህም 3ቱ ለአስተዳዳሪው የተጠበቁ ስለሆኑ ለሌሎች 97 ይቀራሉ። በአገራችን የጤና ተቋማት ሪፖርት የሚሰበሰብበት ዲኤችአይኤስ 2 በጃቫ የተጻፈ ነው፤ የራሱም ፑል ካልተለወጠ እስከ 80 መስመር ይይዛል። በዚያው ዳታቤዝ ላይ 40 መስመር የሚፈልግ ሌላ ፕሮግራም ቢጨመር ድምሩ 120 ይሆናል። ሁሉም ሠራተኛ በወሩ መጨረሻ ሪፖርት ሲያስገባ 23ቱ መስመሮች ይከለከላሉ። የተከለከለው ቁጥር ብቻ አይደለም፤ በዚያ ሰዓት የስንት ሕፃናት ክትባት፣ የስንት እናቶች ወሊድ ሳይመዘገብ ይዘገያል።

ስለዚህ ይህን ሙያ ለመማር የምታስቡ ጓደኞቼ ሆይ፤ ፋይሉን ከመጻፋችሁ በፊት በወረቀት ላይ ደምሩ። የፕሮግራሞቹ መስመር ሁሉ ተደምሮ ዳታቤዙ ከሚችለው ማነስ አለበት። የጋራ የሆነ ነገር የሚበቃው በልክ ሲወሰድና በጊዜው ሲመለስ ነው።