ግጥምና ማስታወቂያ በእንግሊዝኛ ፈተና

ማንበብ ማለት ፊደሉን አይቶ ድምፁን ማውጣት ብቻ እንዳልሆነ ደጋግመን ተናግረናል። ዛሬ ይኸንኑ ነገር በከበደ ቦታ እንፈትነው። በእንግሊዝኛ ፈተና ወረቀት ላይ አንድ ግጥም ወይም አንድ ማስታወቂያ ይቀርብና ከሥሩ አራት አምስት ጥያቄ ይደረደራል። ተማሪው ቃላቱን አብዛኞቹን ያውቃቸዋል። ጥያቄውን ግን ይስተዋል። ለምን?

ነገሩ እንደ ቀላል የሚታለፍ አይደለም። በአገራችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ አንብቦ መረዳት ያቃተው ተማሪ ባዮሎጂውም ታሪኩም አብሮ ይወድቅበታል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ገብተው ሲፈተኑ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ እንግሊዝኛ ብቻ ነው አንልም። ጥያቄውን ሳይረዳ መልሱን የሚያገኝ ሰው ግን የለም።

ደብረ ማርቆስ አካባቢ በምናስተምርበት ክፍል ለመለማመጃ የሚሆን አጭር ግጥም ራሳችን በእንግሊዝኛ ጻፍን። ግጥሙ የሚለው ይኸን ነው፦ ማረሻ ከግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ዝገት እየበላው ነው፤ አንድ ሽማግሌ ሌሊት ከመኝታቸው ላይ ሆነው የሰኔን ዝናብ ይሰማሉ፤ ፊታቸውን ወደ ማረሻው ያዞራሉ። በቃ፣ ሌላ የለውም። ጥያቄው «ሽማግሌው ፊታቸውን ያዞሩት ለምንድን ነው?» የሚል ሲሆን፣ አማራጮቹ ኤ. ስለበረዳቸው፣ ቢ. ጣራው ስላፈሰሰባቸው፣ ሲ. ማረስ ባለመቻላቸው ስላዘኑ፣ ዲ. ዝናብ ስለማይወዱ የሚሉ ነበሩ።

ከክፍሉ ገሚሱ «ቢ»ን መረጠ። ምነው ብንላቸው «ክረምት ሲገባ የእኛም ቤት ያፈሳል እኮ!» አሉን። እውነት ነው፤ የጮቄ ደመና አንዴ ከወረደ የማያፈስ የሣር ቤት ጥቂት ነው። ግጥሙ ግን ስለ ጣራ አንድ ቃል አልተነፈሰም። የጣራውን ነገር ተማሪዎቹ ከየቤታቸው ነው ይዘውት የመጡት። ብዙ ነጥብ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። አማራጩ በኑሯችን ውስጥ እውነት ስለሆነ ብቻ የጽሑፉ መልስ ይመስለናል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ መልስ ከመምረጣችሁ በፊት ጣታችሁን መልሱ ያለበት ስንኝ ላይ አድርጉ። ጣታችሁ ማረፊያ ካጣ መልሱን ተዉት።

ሌላው ስሕተት የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። የሠራውም የክፍሉ ጎበዝ የሚባል ልጅ ነው። ልጁ አስኳላ ከመግባቱ በፊት ደብረ ኤልያስ ቅኔ ቤት ቆይቷል። ብድግ አለና «ከአራቱም ትክክል የሆነ የለም» አለ። ማረሻው ሰም ነው፣ ወርቁ ሥጋችን ነው፤ ዝገቱ ኃጢአት፣ ዝናቡ ምሕረት ነው፤ ሽማግሌው ፊታቸውን ያዞሩት ለንስሐ ነው ብሎ ተረጎመልን። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኛም ደንገጥ አልን፤ ግጥሙን የጻፍነው እኛው ስንሆን እንዲህ ያለ ነገር በሐሳባችንም አልነበረም።

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ስማቸው ከሚነሣው የቅኔ ቤቶች ውስጥ ዋሸራና ጎንጅ እዚሁ ናቸው፤ ዋድላ ወሎ ነው። የቅኔ ተማሪ ብቻውን ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። ሁለት ስንኝ ብቻ ባለው በጉባኤ ቃና ውስጥ እንኳ አንዱ ቃል ሁለት ጭነት ይሸከማል። ስለዚህ ከዚህ ቤት የወጣ ልጅ አንድ ትልቅ ነገር አስቀድሞ ያውቃል፤ በግጥም ውስጥ ያለ ቃል ዝም ብሎ እንዳልተቀመጠ ያውቃል። ከተማ ተወልዶ ጥሩ እንግሊዝኛ የሚናገር ልጅ ይኸን ላያውቅ ይችላል። በእኛ አስተያየት የቅኔ ተማሪ እንግሊዝኛ ግጥም ያስፈራኛል ካለ ያለውን ሀብት አላየውም ማለት ነው።

ግን ፈተና ቅኔ ቤት አይደለም፤ ከአራት አማራጭ አንዱን ብቻ ይቀበላል። ልጁን «ዝገቱ ኃጢአት መሆኑን የሚያመለክት ቃል የቱ ስንኝ ላይ አለ?» ብለን ጠየቅነው። ወረቀቱን ደጋግሞ አየና «የለም» አለ። ቀጥሎም ማንም ሳይነግረው «ዝናብ ሲመጣ መውረድ የነበረበት ማረሻ አልወረደም። ‹ሲ› ነው» አለ። ልክ ነው። ሐዘን የሚለው ቃል በግጥሙ ውስጥ የትም የለም፤ ማረሻውና ዝናቡ ጎን ለጎን በመቀመጣቸው ግን ሐዘኑ ይታያል። ፈተናው «ኢንፈር» ብሎ የሚጠይቀው ይኸንኑ ነው፤ ያልተባለውን ከተባለው ላይ ተነሥቶ ማግኘት። የልጁን ትርጓሜ ግን እንዲጥለው አልነገርነውም። በደብተሩ ጀርባ እንዲጽፈው ነው የነገርነው።

ስለ እንግሊዝኛ ግጥም አንድ ሌላ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በአማርኛ ግጥም ሐሳቡ ብዙ ጊዜ ቤት ሲመታ አብሮ ያርፋል። በእንግሊዝኛ ግን ዓረፍተ ነገሩ ከአንዱ ስንኝ ተነሥቶ ሦስተኛው ስንኝ መካከል ላይ ሊቆም ይችላል። በየስንኙ መጨረሻ እየቆሙ ማንበብ ሐሳቡን ይቆራርጠዋል። በስንኝ ሳይሆን በነጥብ አንብቡ። አድራጊው ማን ነው? ግሡ የት አለ? እነዚህን ካገኛችሁ ግጥሙ ወደ ተራ ዓረፍተ ነገር ይለወጥላችኋል። ደግሞም በግጥሙ ውስጥ «እኔ» የሚለው ሰው ገጣሚው ላይሆን ይችላል፤ ወጣት ጽፎት አሮጊት ልትናገርበት ትችላለች። «ቶን» ሲባል የተናጋሪው ስሜት ነው፤ ቁጣ ነው፣ ፌዝ ነው፣ ናፍቆት ነው? የእናንተን ስሜት አልተጠየቃችሁም።

አሁን ወደ ማስታወቂያው እንለፍ። ማስታወቂያ ቅኔ ነው ብንል የኔታ ይቆጡናል፤ ነገር ግን ማስታወቂያም ሰምና ወርቅ አለው። ለክፍላችን የጻፍነው ማስታወቂያ የውኃ ፓምፕ የሚሸጥ ነበር። እንዲህ ይላል፦ «ገበሬው ሆይ፣ ክረምትን አትጠብቅ! በሰዓት እስከ 40 ሺህ ሊትር ውኃ። ዋጋ ከ18 ሺህ ብር ጀምሮ። እስከ የካቲት 30 ለሚገዙ ሁሉ ቱቦ በነፃ፤ ዕቃው እስኪያልቅ።»

«ፓምፑ በሰዓት ስንት ሊትር ይሰጣል?» ለሚለው ጥያቄ አብዛኛው «40 ሺህ» ብሎ መለሰ። ስሕተት ነው። በእንግሊዝኛው «አፕ ቱ» የምትል ትንሽ ቃል አለች፤ ከዚያ አይበልጥም ማለት ናት። 5 ሺህ ሊትር ብቻ ቢሰጥም ሻጩ አልዋሸሁም ሊል ነው። «ፍሮም»ም እንዲሁ ናት፤ 18 ሺህ ብር የርካሹ ዋጋ እንጂ በሥዕሉ ላይ የሚታየው የትልቁ ፓምፕ ዋጋ መሆኑ አልተነገረም። በየካቲት 25 የሚመጣ ገዢ ቱቦውን በእርግጥ ያገኛል? አያገኝም ይሆናል፤ «ዕቃው እስኪያልቅ» ተብሏላ! በማስታወቂያ ላይ ትልልቁ ፊደል ተስፋ ይሰጣል፣ ትንንሹ መልሶ ይነሣል። ፈታኙ ደግሞ የሚጠይቀው ከትንንሹ ነው።

ከባዱ ጥያቄ «ማስታወቂያው ያልነገረን የትኛውን ነው?» የሚለው ነበር። እንዲህ ባለው ጥያቄ ውስጥ «ኖት» ወይም «ኤክሴፕት» የሚሉ ቃላት ሲገቡ ወዲያው አስምሩባቸው፤ ያልተሰመረባቸው ከሆነ በጥድፊያ ዓይን ያልፋቸዋል። ከክፍላችን መልሱን ቀድማ ያገኘችው አንዲት የገበሬ ልጅ ናት። «ቤንዚኑን ማን ይችለዋል? ሲበላሽስ የት ይጠገናል?» አለች። ጎረቤቷ ፓምፕ ገዝተው መለዋወጫ አጥተው ተቀምጠዋል አሉ። እዚህ ላይ የኑሮ ልምድ ጠቀማት፤ የተጠየቀው የጎደለው ነገር ነውና። ያም ሆኖ የጎደለ መሆኑን ያረጋገጠችው ማስታወቂያውን ከላይ እስከ ታች አንብባ ነው። ዓላማውን ስንጠይቅ ግን እሷም ሳትቀር «ገበሬውን ስለ መስኖ ለማስተማር» ብላ ተሳሳተች። ማስታወቂያ እያስተማረም ቢሆን ዓላማው መሸጥ ነው።

ይኸ ዕውቀት ከፈተና ክፍል ውጭ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ እኛው አይተናል። አንድ ጓደኛችን ማስታወቂያ አንብቦ አንድ ኮሌጅ ተመዘገበ። ወረቀቱ «እውቅና ያለው» ይላል፤ ውሸት አልነበረም፣ ኮሌጁ እውቅና ነበረው። ጓደኛችን የተመዘገበበት የትምህርት መስክ ግን አልነበረውም። አንድ ዓመት ከተማረ በኋላ ነው ይኸን ያወቀው። ለክፍያው አባቱ የሸጡት በሬ በዚያው ቀረ፤ በተከታዩ ሰኔ መሬታቸውን ለሌላ ሰው በእኩል አሳረሱ።

እውቅና የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም በጅምላ ሳይሆን ለእያንዳንዱ የትምህርት መስክና ለእያንዳንዱ ግቢ ነው። ሰጪውም የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ም አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ስለዚህ «እውቅና ያለው» የሚል ስታዩ ጥያቄያችሁ «በየትኛው መስክ? በየትኛው ግቢ?» ይሁን።

መልመጃ። ቀጥሎ ያለውን ማስታወቂያ አንብባችሁ በደብተራችሁ መልሱ።

1. የኮምፒውተር ሥልጠና በ3 ወር!
2. ከ100 በላይ ተማሪዎቻችን ሥራ አግኝተዋል።
3. ክፍያ በወር ከ600 ብር ጀምሮ።
4. ቀድመው ለተመዘገቡ 20 ሰዎች ልዩ ቅናሽ።

ሀ. ሥልጠናውን የሚጨርስ ሰው ሁሉ ሥራ ያገኛል ተብሏልን? ለ. ሥራ ያገኙት በስንት ዓመት ውስጥ ከሠለጠኑ ስንት ሰዎች መካከል ነው? ሐ. ሦስት ወር የሚማር ሰው በድምሩ 1800 ብር ብቻ ይከፍላል ማለት ይቻላልን? መ. 21ኛ ሆኖ የተመዘገበ ሰው ምን ያጣል? ሠ. ማስታወቂያው ስለ መምህራኑ ምን ይላል?

ከእያንዳንዱ መልስ ጎን ማስረጃውን ያገኛችሁበትን መስመር ቁጥር ጻፉ፤ በየትም መስመር ከሌለ «የለም» በሉ። ቁጥር ወይም «የለም» ያልተጻፈበት መልስ ትክክል ቢሆንም የምንሰጠው ግማሽ ነጥብ ነው።